ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና

ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞሩ ልጆች አዲስ አበባን የሚከፋፍሏት በገዢዋ ነው። አራት ኪሎ የተማሪ፣ ፒያሳ የሽማግሌ አንባቢ፣ ሜክሲኮ የቢሮ ሠራተኛ። የኮልፌ ነገር ሲነሣ ግን «ተወው፣ እዚያ ያለው ነጋዴ ነው፤ ለመጽሐፍ ጊዜ የለውም» ብለው ያልፉታል። እኔ ይህን እየሰማሁ አሮጌና አዲስ መጻሕፍቴን ታቅፌ ወደ ኮልፌ ሄድኩ። ያነሣሣኝ የፊልም ደራሲውና የዳይሬክተሩ የኃይሌ ገሪማ ነገር ነው። ኃይሌ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ግን ፊልሙን መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም። ዋሽንግተን ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ገባ። ከዚያ በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን እየተሰባሰቡ «ወደ እኛም አምጡልን» ማለት ጀመሩ። ሥራውን ይዞ ወደ ሰው የሄደ ደራሲ እንዲህ ከሆነለት፣ የሌሎችን ድካም ይዤ የምዞር እኔ ከለመድኩት አስፋልት የማልወጣበት ምክንያት አልታየኝም።

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ በእግር ለሚሄድ መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታ ነው፤ አዲስ የተላጠ የባሕር ዛፍ ሽታ። አጠና ተራ ላይ ግራና ቀኝ እንጨቱ ቆሞ፣ ተጋድሞ፣ ተከምሮ ይታያል። ቀጭኑ ለማገር፣ ወፍራሙ ለምሰሶ፣ ረጅሙ ለፎቅ ግንበኛ መወጣጫ። እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው። እዚያ ታሪክ ሲባል ልጅ ሆነን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ድንጋይ ነበር፦ የፋሲል ግንብ፣ የቁስቋም ፍርስራሽ፣ የድሮ አጥር። ኮልፌ ደግሞ አዲስ አበባ የቆመችበትን እንጨት በየቀኑ እያወረደ በየቀኑ ሲሸጥ ይውላል። በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ደመና ተከናንቧል። ሰዉ ቀና ብሎ ያየዋል፤ የዝናቡን ሰዓት የሚያውቀው ከእሱ ነው። እኔም መጽሐፍ የታቀፈ ሰው ነኝና ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከወጨጫ አልነቀልኩም።

መጀመሪያ የጠራኝ አጠና ነጋዴ ነው። አጠናውን በክንዱ እየለካ ለአንድ ግንበኛ ያስረክባል፤ እጁ ላይ ሙጫ አለ። «ታሪክ አለህ?» አለኝ። አወረድኩለት። እጁን በሱሪው ጠራርጎ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አየና አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ቆመ፤ የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»። የአርበኞች ታሪክ ነው። መሃሉን ገልጦ ቆሞ አነበበ። ግንበኛው ሂሳቡን ይዞ ቢጠብቀውም አላየውም።

«አያቴ ጣልያንን የተዋጋ ነው» አለኝ ቀና ብሎ። «እኛ አገር፣ ስልጤ። የእኛን ማን ጻፈው?»

ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። እሱም መልስ ብሎ አልጠበቀም፤ ዋጋ ጠየቀኝ። «የመጨረሻውን በል» ተባባልን፤ ገዛኝ። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ የአጠናው ክምር ላይ አስቀመጠው። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ሄድኩ። ገሪማ ታፈረ ራሱ አርበኛ ነበር። ያየውንና የሰማውን ባይጽፍ ኖሮ ጎንደር ውስጥም ስንት ጀግና ስሙ ከልጅ ልጁ አፍ ሳያልፍ ይቀር ነበር። ታሪክ የሚቆየው ብዕር ያነሣ ሰው በመንደሩ ሲገኝ ነው፤ ይህን አጠና ነጋዴው ከእኔ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል።

የፊልም ሠሪው የኃይሌ አባት ይኸው የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ነው። ገሪማ ታፈረ ቴአትር ይጽፍ ነበር፤ ጎንደር ላይ ያሳይም ነበር፤ ልጁ ኃይሌም ከአባቱ መድረክ ላይ ወጥቶ አድጓል። እዚያው ጎንደር ሲኒማ ቤት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ኃይሌ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የታርዛን ፊልም ሲታይ እሱና ጓደኞቹ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር። እኔም ከእሱ ብዙ ዘመን ቆይቼ በዚያው ከተማ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አድጌአለሁና ነገሩን ሳነበው ደነገጥኩ። ኮልፌ ውስጥም በየመንገዱ ልጆች ተሰብስበው ለሌላ አገር ጀግና ሲያጨበጭቡ ይሰማል። ኃይሌ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ያን የልጅነት ጩኸት ነው፤ ልጆች ለማን እንደሚጮኹ የሚወስነው ጽሑፉን የጻፈው ሰው ነውና።

ከአጠና ተራ ወጣ ሲሉ የኮልፌው ፖሊስ ማሠልጠኛ አለ። በዚህ ሰፈር ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። ያኔ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር፤ አዛዡም ኮሎኔል ታደሰ ብሩ። ማንዴላ ለስድስት ወር ታስቦ መጥቶ ከስምንት ሳምንት በኋላ ድርጅቱ ወደ አገሩ ጠራው። ሲሰናበት ኮሎኔል ታደሰ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጡት። ይህን ሁሉ ማንዴላ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል፤ የኮልፌን ስም እየጠራ። ማንዴላ የአገሩ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ፤ ታደሰ ብሩ ግን በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። የኮልፌ ሰው ሁለቱንም ስም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያነሣው።

ጀበና ቡና ከምትሸጥ ልጅ አጠገብ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ተቀምጠው ነበር። ኮታቸው ያረጀ፣ ጫማቸው ግን የተወለወለ። «ና እስቲ፣ ምን ይዘሃል?» አሉኝ። መጽሐፍ ሲመርጡ እንደ ሌላው ጀርባውን አያነቡም፤ መሃሉን ይገልጣሉ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አነሡና ገጽ እየገለጡ የሚፈልጉት ነገር ያለ ይመስል በጣታቸው ይከተላሉ።

«ምን እየፈለጉ ነው አባባ?»

«አሥመራ ነበርኩ» አሉኝ። «ያኔ። የማውቀውን መንገድ ጠርቶት እንደሁ ልይ።»

በዓሉ ግርማ ይህን መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ ታገደ፤ በ1976 ዓ.ም. እሱም ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። እኒህ ሰው ደግሞ መጽሐፉ በሚተርከው የኤርትራ ዘመቻ የነበሩ ናቸው። ቡናቸው እስኪበርድ አነበቡ። ካነበቡ በኋላ ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡኝና «እኔ ያየሁትንና እሱ የጻፈውን አስተያየዋለሁ» አሉ። ብዙ የሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ አንባቢ ግን አላጋጠመኝም። ደራሲው በዓይን ምስክር ፊት እንዲህ ይቀርባል።

ስለ ኃይሌ የፊልም ጽሑፎች በተለይ ስለ «ጤዛ» ማሰብ የጀመርኩትም ከእኒህ ሰው ፊት ነው፤ ታሪኩ የእሳቸው ትውልድ ነውና። የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ጀርመን ሄዶ ይማራል፤ ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ሊያገለግል ይመለሳል። ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል። አንበርብር ዳግመኛ ጀርመን ይሄዳል፤ ጥቁር ጠል ወጣቶች ይደበድቡታል፤ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይገባል። መንደሩም አልተረፈም፤ ልጆቹ በግድ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ይህን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል መጻፍ ይቻል ነበር። ኃይሌ ግን በሰውየው ትዝታ ጻፈው። አንበርብር አእምሮው ተጎድቷል፤ የሚያስታውሰው በቁርጥራጭ ነው፤ ስለዚህ እኛም በቁርጥራጭ እናያለን። የተመልካቹ ግራ መጋባት የአንበርብር ግራ መጋባት ነው። ጡረተኛው ፖሊስ መንገድ በመንገድ እየፈለጉ ያነበቡበት አነባበብ ይህን አስታወሰኝ። በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ያየውን የሚያስታውሰው በተርታ አይደለም።

የአንበርብር እናት ታድፌ ብዙ አትናገርም። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው። የእኛ ድራማ ውስጥ እናት ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ ትመክራለች፤ ቃል በቃል ላይ ይከመራል። ታድፌ ልጇ ሌሊት ሲባንን ታየዋለች፤ እህል ታቀርብለታለች፤ ጠበል ትወስደዋለች። ደራሲው የሚለውን ሁሉ በእጇና በዓይኗ ያስብላታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ «ጤዛ» የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ የምርጥ ፊልም ጽሑፍን ሽልማትም ደርቦ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። ፊልሙ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ገንዘብ በየጊዜው እያለቀ። ብዙ ሰው ኃይሌን ዳይሬክተር እያለ ያመሰግነዋል፤ የሚገባውም ነው። እኔ መጽሐፍ ሻጭ ነኝና የማመሰግነው ደራሲውን ነው። ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ያ ሁሉ ዝምታ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር።

ምሳ የበላሁት አንዲት የጉራጌ እናት ቤት ነው። ቆጮ፣ ጎመን በአይብ፣ ከጎኑ ሚጥሚጣ። በጎንደር ገበታ ላይ እንጀራ ከሌለ «ምግብ አልቀረበም» ይባላል፤ ቆጮ ግን ሥራው ከእንጀራ አያንስም። ተክሉ ዓመታት ይፈልጋል፤ ፍቀቱና ቅበራው ወራት ይፈልጋል፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ግድግዳው ላይ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ እየታየ ነበር። በልቶ የጨረሰውም አልተነሣም።

«እትዬ፣ ድራማ ይወዳሉ?» አልኳቸው።

«ገመና ይሻለኝ ነበር» አሉ ወዲያው። «እሱን ስናይ ሰፈሩ ጭር ይል ነበር እኮ።» ከዚያ የተዋናዮቹን ስም ዘረዘሩልኝ፤ ማን ማንን እንደበደለ፣ ማን እንዳለቀሰ። ማን እንደጻፈው ስጠይቃቸው ግን ጎረቤታቸውን አዩ፤ ጎረቤታቸውም እሳቸውን። «ገመና»ን የጻፈችው አዳነች ወልደገብርኤል ናት። ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። «ሴት ናት? እኔም ብዬ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለውን እንዲህ የሚያውቅ ሴት ነው» አሉ። ለልጃቸው አንድ የተረት መጽሐፍ ገዙኝ፤ ከምሳው ሂሳብ ላይም ቡናውን ተዉልኝ። እናቶች ለደራሲው የሚያስቡት ምስጋና ስም አጥቶ ሜዳ ላይ እንደሚቀር ያን ቀን ገባኝ። የደራሲው ስም በድራማው መጨረሻ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ተነሥቶ ሄዷል ወይም ጣቢያ ቀይሯል።

ወደ ቀራኒዮ ሲሄዱ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የመጽሐፍ ገበያ አለ፤ የለገሃር ልጆች ሲቆጥሩ የዘለሉት ገበያ። ውዳሴ ማርያም፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ድርሳንና ገድል ሸራ ላይ ተዘርግቷል። በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ሰው ቆሞ ይገዛል። ኮልፌ ደግሞ የሙስሊሙም ሰፈር ነው። መስጊዶቹ አጠገብ በአማርኛ የተተረጎሙ የሃይማኖት መጻሕፍት፣ የልጆች የዐረብኛ ፊደል ማስተማሪያ፣ ከሽቶና ከመፋቂያ ጋር ይሸጣሉ። ሁለቱም ቦታ ያሉ ሻጮች እኔን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባልደረባ ነው ያስተናገዱኝ። አንደኛው ዝናቡ ሲወርድ ከሸራው ሥር አስጠግቶኝ፣ የእኔን መጻሕፍት ከራሱ አስቀድሞ ሸፈነልኝ። ሲያጫውተኝ ያለው ልቤ ውስጥ ቀርቷል፦ ሰው መጽሐፉ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ከጠበቅከው ይገዛሃል።

ኃይሌና ሽሪኪያናም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ሳንኮፋ» ባስገኘው ገንዘብ ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ቤት ይዘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ስሙም ሳንኮፋ። ኃይሌ መንገዱን ተሻግሮ ሃዋርድ ያስተምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት አስተምሯል። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ የጥቁር ሕዝብ መጻሕፍት መደርደሪያ ፊት ይቆማል፤ ደራሲ መጥቶ ያነባል፤ ቡና አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የንብረት ግብሩ ከብዶ መደብሩ ሥጋት ላይ ሲወድቅ ደንበኞቹ ለከተማው ምክር ቤት ድምፃቸውን አሰሙ፤ የግብር እፎይታም ተፈቀደለት። ደንበኛ መጽሐፍ ገዝቶ ብቻ አይሄድም፤ ለቤቱ ይቆማል ማለት ነው። በቬኒስ የተሸለመ ደራሲ መጽሐፍ ሻጭም ሆኖ መኖሩ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። ሥራችንን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ናቸውና ይህን ደስ ብሎኝ እናገረዋለሁ።

ከቀራኒዮ ወርጄ በዘነበወርቅ በኩል ሳልፍ ረጲ ይታያል፤ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። እዚያ ቆሜ መጽሐፍ አልሸጥኩም። ያሰብኩት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ነው። ኃይሌ ያን ፊልም አብዮቱ እየፈነዳ ሳለ መጥቶ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። የገበሬው ልጅ የባለርስቱን ላም ከጎርፍ ላድን ብላ ትሞታለች። ላሟ የእሷ አይደለችም፤ ወንዙ ውስጥ ግን የገባችው እሷ ናት። ሰው የሌላውን ንብረትና ትራፊ ተሸክሞ የሚሞትበትን ነገር ያን ያህል ጠንክሮ የጻፈ ሌላ ኢትዮጵያዊ የፊልም ደራሲ አላውቅም። ቆሼ ላይ የሞቱትን እንዲህ የሚጽፍላቸው ሰው ከዚያው ሰፈር እንዲወጣ እመኛለሁ።

አየር ጤና ስደርስ ታክሲው፣ ጫኙ፣ የጅማ መንገድ መንገደኛው ተደባልቆ መቆሚያ የለም። ክንዴ ላይ የቀረው ጥቂት ነው። ዩኒፎርም የለበሰ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አጠገቤ መጥቶ ሽፋኖቹን ሁሉ አየና ዝም ብሎ ቆመ።

«ምን ነበር የፈለግከው?»

«ፊልም እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ። የተጻፈ ፊልም… ማለት ጽሑፉ ራሱ አለህ?»

አልነበረኝም። በእጄ ካለፉት አሮጌና አዲስ መጻሕፍት መካከል አንድም የኢትዮጵያ ፊልም ጽሑፍ ታትሞ አይቼ አላውቅም። ቴአትር አለ፤ የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» አውጥቼ ሰጠሁት። ንግግሩን እየተከተለ ትንሽ ሳቀ፤ ገዛውም። ስለ ኃይሌ፣ ስለ አባቱ፣ «ሬዚዱ» የሚል ፊልም ስለሠራው ልጁ ስለ መራዊ ነገርኩት። ስሞቹን ደብተሩ ላይ ጻፈ። «ጤዛ ላይ እናትየው የማትናገረው እንዴት ተብሎ ነው የሚጻፈው?» ሲል ጠየቀኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ጽሑፉን ገልጦ በማየት ብቻ ነው።

መንግሥቱ ለማም ጸጋዬ ገብረመድህንም መድረካቸው ከፈረሰ በኋላ ዛሬ የሚነበቡት ቴአትራቸው ስለታተመ ነው። ገሪማ ታፈረም አጠና ተራ ላይ የተነበበው ስለታተመ ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲዎቻችን ግን ወረቀታቸው በየመሳቢያው ነው፤ ሲሞቱ አብሯቸው ይጠፋል። አሳታሚዎች ይህን ልጅ አስቡት፤ እሱን የመሰሉ በየሰፈሩ አሉ። አዳነችን ጠይቁ፣ ኃይሌን ጠይቁ፣ ሌሎቹንም በሕይወት ሳሉ ፈልጓቸው። ከ«ጤዛ» ጀምሩ።